ባዶ ወንበር የማይወዱት አስጎብኚ

ከባሕር ማዶ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማንም ሳይሾመው አስጎብኚ የሚሆን ዘመድ የሌለበት ቤተሰብ ካለ ንገሩኝና እዚያ ልወለድ። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አለ። እንግዳው ሻንጣውን ከእጁ ሳያስቀምጥ፣ «ነገ የት ልውሰድህ?» ይለዋል። ከተማው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይንቃል። ሙዚየሙም፣ አደባባዩም፣ ገበያውም ለእሱ የልጅ ጨዋታ ናቸው። የሚታይ ነገር ያለው ከከተማ ወጣ ሲባል ነው። ርቀቱን ከጠየቃችሁት መልሱ አንድ ነው፤ «ቅርብ ነው»።

በእኛ ቤት ይህን ሹመት የያዙት የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ፊት ለፊት ጋሼ እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ «ክቡር ደርሶ መልስ» ናቸው። ስሙ የወጣላቸው የትኛውንም ጉዞ «እሱማ ደርሶ መልስ ነው» ስለሚሉ ነው። እውነት ለመናገር መመለሱ ላይ ዋሽተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ እንመለሳለን። ክቡርነታቸውን የሚያስቸግራቸው መድረሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ስምሪት ክፍል ውስጥ ነው። የመናኸሪያው ሕግ አንድ ነበር፤ ያልሞላ መኪና አይወጣም። ጡረታ ሲወጡ ሕጉም አብሯቸው ወጣ። ይባስ ብለው ሰባት ሰው የሚጭን አሮጌ መኪና ገዙ። እንግዶቹ ሁለት ቢሆኑም ሦስት ቢሆኑም ወንበር ይተርፋል፤ ወንበር ከተረፈ ደግሞ ጋሼን እንቅልፍ አይወስዳቸውም። «ባዶ ወንበር ነውር ነው» ይሉና መንገድ ላይ እጁን ያነሳውን ሁሉ ይጭናሉ። የተጫነ ሰው ጉዳይ አለው። ጉዳዩ ሳይሞላለት ጥሎት መሄድ ደግሞ የባሰ ነውር ነው።

አንድ ጊዜ ኮረብታው ላይ ያለውን ጥንታዊ ፍርስራሽ ሊያጠና አንድ ፕሮፌሰር መጣ። ዕድሜውን በሙሉ ስለ ድንጋይ የጻፈ ሰው ነው። ጋሼ ከከተማ ሳይወጡ አንድ ግንበኛ ጫኑ። ግንበኛው የሚሠራበት ቦታ ሲደርሱ ድንጋይ የጫነ መኪና ቆሟል፤ አውራጆቹ አልመጡም። ፕሮፌሰሩ ድንጋይ ሊያይ ወጥቶ ድንጋይ ሲያወርድ ዋለ። መዳፉ ተላልጦ ሲመለስ ጋሼን ወቀስናቸው። «ድንጋይ ነው አይደል የፈለገው?» አሉን፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

አዲስ ተጋቢዎቹም ፏፏቴ ሊያዩ ነበር የወጡት። መንገድ ላይ ወንድሟን ልትጠይቅ ሆስፒታል የምትሄድ ሴት ተጫነች። ባልና ሚስቱ የጫጉላ ፎቷቸው ላይ እግሩ በጄሶ የተጠቀለለ፣ የማያውቁትን ሰው መሐል አድርገው ፈገግ ብለዋል። እስከ ዛሬ ሲደውሉ ስለ ፏፏቴው አንስተው አያውቁም፤ «እግሩ እንዴት ሆነ?» ይላሉ።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ሐይቁ ነው። ከከተማው አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው ይባላል። ጋሼ ለእያንዳንዱ እንግዳ ሐይቁን ቃል ገብተዋል፤ አንዱም አልደረሰም። እኔ ራሴ እዚሁ ተወልጄ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ወደ ሐይቁ ስወጣ ኖሬ፣ ውሃውን በዓይኔ አላየሁትም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ለእኔ ሐይቁ ነው። አንዳንዴ ካርታ ገልጬ አለመሰረዙን አረጋግጣለሁ።

ይህን ሁሉ ስቄ አልፌው ነበር፤ የእህቴ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ።

እህቴ ከባሕር ማዶ ሰው ጋር ታጭታለች። እጮኛዋ ሊጠይቀን ሲመጣ እናቱን ይዞ መጣ። ወይዘሮዋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። ወፍ ሲያዩ ይውላሉ፤ ለዚሁ ብለው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ሩቁን የሚያቀርብ ትልቅ መነጽር ምሳ ሲበሉ እንኳ አያወልቁትም። ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ሲመላለሱ ስለ ጋብቻው አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ምግቡን «ጥሩ ነው»፣ ቤቱን «ጥሩ ነው»፣ እናቴን «ጥሩ ነው»። እህቴ ከሳች። ልጃቸው እናቱ ካልመረቁት እንደማያገባ ገና ዱሮ ነግሯታል።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። አውሮፕላናቸው አመሻሽ ላይ ነው። እጮኛዋ ዘዴ አመጣ፤ «እናቴ ወፍ ካየች በኋላ እንቢ ብላ አታውቅም። ሐይቁ ዳር እጠይቃታለሁ» አለ። ዘዴው ጥሩ ነበር። ችግሩ የእኔ መኪና ፍሪሲዮኗን በልታ ጋራዥ መተኛቷ ነው። መኪና እንከራይ እያልን ስንመካከር ክቡርነታቸው ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ በር ላይ ቆሙ። ማን እንደነገራቸው እስካሁን አልታወቀም።

የእህቴ ዓይን እንባ አቅርሯል። «ጋሼ፣ በሞቴ፣ ዛሬ አንድም ሰው አንጭንም» አለቻቸው።

«አንድም ሰው አንጭንም።»

«ይማሉልኝ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

አምስት ሆነን ወጣን፤ ከኋላ ሁለት ወንበር ባዶ ቀረ። ጋሼ እየነዱ የሚያዩት መንገዱን ሳይሆን በመስተዋቱ ሁለቱን ወንበሮች ነበር። «ጋሼ፣ ፊት ለፊት ይዩ» አልኳቸው። «እያየሁ ነው» አሉኝ ኋላ እያዩ። ፌርማታ በደረስን ቁጥር መኪናዋ በራሷ ጊዜ ቀዝቀዝ ትላለች። ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች እጃቸውን ሲያነሱ ጋሼ ጥርሳቸው የታመመ ሰው ይመስል ያቃስታሉ። ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ። እኔንም አሳዘኑኝ፤ ግን መሐላ መሐላ ነው።

የከተማው መውጫ ላይ አንድ አናጺ አዲስ የተቀባ በር ተደግፎ ቆሟል። መኪናዋ ቀጥ አለች።

«ጋሼ፣ ቃልዎ» አለች እህቴ።

«ቃሌ ሰው ላለመጫን ነው። በር ሰው ነው እንዴ?»

«ባለቤቱስ?»

ጋሼ ተገርመው ዞረው አዩአት። «በሩን ወስደን ሰውየውን ብንተወውማ ሌብነት ነው» አሉ።

ጣሪያው ላይ እንሰረው ብዬ ነበር። አናጺው ቀለሙ አልደረቀም፣ ገመድ ይቧጥጠዋል ብሎ እንቢ አለ። ስለዚህ በሩ በጎኑ ቆሞ ከኋላው መስኮት እስከ ፊት መስተዋቱ ድረስ ገባና መኪናውን ለሁለት ከፈለው። በግራ በኩል ጋሼ፣ ከኋላቸው ወይዘሮዋ፣ ከእሳቸው ኋላ አናጺው። በቀኝ በኩል እኔ፣ እህቴና እጮኛዋ። ወይዘሮዋ ከ«ጥሩ ነው» በቀር የእኛን ቋንቋ አያውቁም፤ ጋሼ የእሳቸውን አያውቁም። ክቡርነታቸው ግን ድምፅ ከፍ ካለ ቋንቋ ይገባል የሚል እምነት አላቸውና፣ «ቅርብ ነው» እያሉ ይጮሁባቸዋል። ከበሩ ማዶ «ጥሩ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማናል።

በሩ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ነበረው። እጮኛው ሐይቁ ጋ እንደማይደረስ ሲገባው፣ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለና «እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ብሎ ጀመረ። በዚያው ቅጽበት መኪናው ጉድጓድ ገባ። አፉ ከበሩ ጋር ተላትሞ ከንፈሩ አበጠ፤ ጥርሱ ላይም አረንጓዴ ቀለም ቀረ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።

አናጺው «ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው» ያለው ቦታ ትንሽ አልነበረም። ስንደርስ በበራቸው ቦታ አንሶላ የሰቀሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ይጠብቁናል። በሩ ሲለካ አልገባም። ነገሩ ሲጣራ አናጺው ልኬቱን የወሰደው አሮጊቷ በሌሉበት፣ ከጎረቤቱ ቤት ነው። እናም ሁላችንም ሥራ ገባን። እኔ ያዝኩ፣ እጮኛው ባበጠ ከንፈሩ ፍቅፋቂውን እየነፋ ላገ፣ ጋሼ አዘዙ። አሮጊቷ ወይዘሮዋን ፀሐይ እንዳይመታቸው ብለው ይዘዋቸው ገቡ። እህቴ አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ ሰዓቷን ታያለች።

በመጨረሻ በሩ ቆመ። «እስቲ ዝጉት እንየው» አለ አናጺው። ጋሼ ገፉት፤ ልክክ አለ። አጨበጨብን። ከዚያ እንክፈተው ሲባል አናጺው ኪሱን ዳበሰ፤ ሣጥኑን ዳበሰ፤ እኛንም ዳበሰን ማለት ይቻላል። እጀታውን ሥራ ቤቱ ረስቶታል። በሩም የሚያዝበት ነገር ስለሌለው፣ በጎረቤት ልክ ተሠርቶ በጉልበት የገባ ስለሆነ፣ እንኳን ሊከፈት አልተነቃነቀም።

እህቴ የፍቅፋቂው ክምር ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። «አማቴን አሸጉብኝ። ይሄ ጋብቻ እዚህ ቀረ፤ በቃ» አለች። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። ሳያዙ፣ ሳይናገሩ ሲቆሙ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። 

ሰው በማታሳልፈው ትንሽ መስኮት አጮልቄ አየሁ። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው መነጽሩን እየተቀባበሉ አጥሩ ላይ የሰፈሩትን ድንቢጦች ያያሉ። አንዷ በአንድ ቋንቋ፣ ሌላዋ በሌላ ቋንቋ ያወራሉ፤ ማንም ማንንም አያቋርጥም። አሮጊቷ ሲያዩኝ በእጃቸው ዞር በል አሉኝ። ለካ ወፎቹን እያስበረገግሁባቸው ነው።

አናጺው ያንን አዲስ በር በመሮ ፈልቅቆ ሲከፍተው ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። የሐይቁ ነገር አልተነሳም። በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ገሰገስን። ከኋላ ሁለቱ ወንበሮች እንደገና ባዶ ናቸው፤ ሰዓቱ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ስለሆነ ፌርማታው ሁሉ ጢም ብሏል፤ እጅ በእጅ ላይ ይነሳል። ጋሼ አንዴም አልቀዘቀዙም። ቀና ብዬ ሳይ መስተዋቱን ወደ ጣሪያው አዙረውታል። እንዳያዩ ነው።

ሻንጣውን እናቴ በታክሲ ይዛ ቀድማን ደርሳለች። መሰነባበቻው ላይ ጋሼ ወይዘሮዋ ፊት ቆሙ። «ንገሪልኝ» አሏት እህቴን። «ሐይቁን ሳላሳያቸው ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኔ እንዳይፈርዱባችሁ።»

እህቴ ተረጎመች። ወይዘሮዋ መነጽሩን ከአንገታቸው አውልቀው ጋሼ አንገት ላይ አጠለቁትና አንድ ነገር ተናገሩ። እህቴ እንደ ሥራ ቃል በቃል ተረጎመችው፤ «ሐይቁን ለሠርጉ ስመጣ ያሳዩኛል። እስከዚያ ይሄ እርስዎ ጋ ይቆይልኝ። የዚያ በር እጀታ መገጠሙንም ያረጋግጡልኝ።» የተረጎመችው ነገር የገባት ተርጉማ ከጨረሰች በኋላ ነው። እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

«ቅርብ ነው በያቸው» አሉ ጋሼ ዓይናቸውን በባርኔጣቸው እየጠረጉ። «ደርሶ መልስ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሠርጉ ሳይደርስ መንገዱን ብቻዬን አጥንቼ ልምጣ ብዬ አሰብኩ፤ ለማንም ሳልናገር፣ ማንንም ሳልጭን። መኪናዬ ገና ከጋራዥ አልወጣችም፤ የጋሼን ልዋስ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ መነጽሩን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ቁልፉን ያለ አንድ ጥያቄ ሰጡኝ። ገብቼ ስቀመጥ መስተዋቱ አሁንም ወደ ጣሪያው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሰው አልጫኑም ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አብረን እንሂድ» አልኳቸው።

«እህትህ ትቆጣለች» አሉ፤ ግን ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ።

ወደ ሐይቁ ነዳሁ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ እንዲህ ከሄድን ሐይቁ ጋ በእርግጥ እንደርሳለን። ጋሼ ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። የተቀጣ ተማሪ እንጂ እሳቸው አይመስሉም፤ አላስቻለኝም። እኚህን ሰው እንደዚህ አድርጌ የማየው ሐይቅ ባሕርም ቢሆን ይቅርብኝ። የመውጫው ፌርማታ ጋ ስንደርስ መስተዋቱን ወደ ቦታው መለስኩ፤ መኪናውን ዳር አስያዝኩ፤ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

«ወደ ሐይቁ መንገድ» አልኩ እያፈርኩ። «አምስት ሰው ይቀረናል።»

ጋሼ ቀና ብለው መስተዋቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«እንደሱ አይባልም» አሉኝ። «ድምፅህን ከፍ አድርግ።»