ስድስት የውሰት ወንበሮች

አቅም ለሌላቸው አረጋውያን የጤና መድን መዋጮ የሚሸፍነው ክቡር ጽሕፈት ቤት አንድ ታላቅ ጥበብ አለው፤ ማንም ሰው ድሃ ነኝ ስላለ ብቻ ድሃ አይሆንም። ድህነት በሦስት ቅጂ ተሞልቶ፣ በአጣሪ ኮሚቴ በዓይን ታይቶ፣ በማኅተም መጽደቅ አለበት። ሆድማ ምን ያውቃል፣ ባዶ ነኝ ማለት ልማዱ ነው።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊም ሥርዓቱን አክብረው ተመዘገቡ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃታቸው ዓመት ሊሞላ ነው። ሐኪሙ "ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ መድን ካለዎት" ብሏቸዋል። ገበያ መሃል ሁለት ሱቅ የምታከራየው ጎረቤታቸውም፣ ጤናዋ እንደ ብረት የሆነ አሮጊት፣ ምን ይታወቃል ብላ አብራ ተመዝግባለች።

ኮሚቴው ነገ ቤት ለቤት ይዞራል ሲባል ልብስ ሰፊው ደነገጡ። ቤታቸው ያለው አንድ አልጋና እግሩ የተሰበረ በርጩማ ነው። ወደ አከራይዋ ሄዱ።

"እህቴ፣ ወንበሮችሽን ለአንድ ቀን አውሺኝ።"

"ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ የሚመጡት ድህነትዎን ሊያዩ ነው።"

"ይዩ፤ ግን ተቀምጠው ይዩ። ሰው ቤቴ መጥቶ ቆሞ አይሄድም።"

ስድስቱ ወንበሮች፣ ጠረጴዛው፣ ምንጣፉና የሻይ ስኒዎቹ ተጓጓዙ። በማግስቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ተደላድለው ተቀመጡ፤ ሻዩን ደገሙ፤ ምንጣፉን በጫማቸው ጫፍ ዳሰስ አድርገው ጻፉ።

"ቤትዎ ያምራል አባባ።"

"የውሰት ነው ልጄ።"

"ትሕትናዎ ደስ ይላል" አሉ ሰብሳቢው። ቅጹ ላይ ለውሰት የተተወ ቦታ አልነበረም።

ኮሚቴው ወደ ጎረቤት ተሻገረ። አከራይዋን ባዶ ክፍል ውስጥ፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አገኟት። ከአባላቱ አንዷ እንባዋን ጠረገች። አከራይዋ ነገሩን ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ ትንሽ አሰበችና መልሳ ዘጋችው። ያን ዕለት ማታ ልብስ ሰፊው ዕቃውን ልመልስ ቢሉ "ምን አስቸኮለዎት፣ ይቆይ" አለቻቸው።

በሳምንቱ ውጤቱ ተለጠፈ። ልብስ ሰፊው ማየት ስለማይችሉ ያነበበችላቸው እሷው ነበረች።

"የእርስዎ... 'ኑሯቸው የተደላደለ በመሆኑ ድጋፉ አይመለከታቸውም' ይላል።"

"ያንቺስ?"

"'እጅግ የተቸገረች፤ በአስቸኳይ ይሸፈንላት'" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሽማግሌውን ከውሳኔው ይልቅ የሰው ዕቃ ቤታቸው መሰንበቱ ከነከናቸው።

"በይ ወንበሮችሽን ዛሬውኑ ውሰጂ።"

"አይ ጋሼ" አለች አከራይዋ መሬት መሬቱን እያየች፤ "እርስዎ ዘንድ ይቀመጡልኝ። ኮሚቴው በየዓመቱ ይመጣል አሉ።"