የይልማ ኮት አራተኛ ኪስ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ ጤናዬን ይጠይቀኛል። «ጋሽ ጥላሁን፣ እንዴት አደሩ? ግፊቱስ? ኪኒኑን ዋጡ?» ነው ጠዋት ማታ። ሳስል ሦስት ሰው ከወንበሩ ይነሳል። ባለፈው ሳምንት በርጩማ ላይ ወጥቼ አምፖል ልቀይር ስል መንደሩ ጮኸብኝ፤ ደግፈው አወረዱኝ። በስድሳ ሦስት ዓመቴ እንደ ሙሽራ ተያዝኩ እላችኋለሁ። አትቅኑብኝ፤ የፍቅር ጉዳይ አይደለም። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፤ ግን የምጀምረው ከኮት ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሌላ ነገር መጀመር አልችልበትም።

መኪና ግርግርን የማያውቅ ካለ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ከግራና ከቀኝ የስፌት መኪና የተደረደረበት መንገድ ነው። እዚያ ጎን ለጎን የምንሰፋ አሥራ አንድ ሰዎች አለን። እኔ አጠገብ አብዱላሂ ነው። እሱ ለሰላት ሲሄድ ሱቁን ለእኔ ይተዋል፤ እኔ ለንግሥ ስሄድ ለእሱ። ቁልፍ የሚባል ነገር በመካከላችን የለም።

ዓመቱን ሙሉ የምንኖረው በነሐሴ ነው። ነሐሴ የዩኒፎርም ወር ነዋ! ትምህርት ቤቶች ሥራውን ሊሰጡን ሲሉ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቁን ስፌታችንን አይደለም፤ ክሊራንስ ነው። የዓመት ገቢውን ለግብር ቢሮ ያሳወቀ ሰው የሚሰጠው ወረቀት። ማሳወቂያው የሚዘጋው ሐምሌ ሠላሳ ነው። ከዚያ ካለፈ ክሊራንስ የለም፤ ክሊራንስ ከሌለ ዩኒፎርም የለም፤ ዩኒፎርም ከሌለ እኔና ባለቤቴ ብርቄ እስከሚቀጥለው ነሐሴ ግድግዳ ስናይ መክረማችን ነው።

ድሮ በወረቀት ነበር። ሰልፉ ያደክማል እንጂ ሰልፍ የማያውቅ ማን አለ? በኋላ «ከእንግዲህ በሲስተም ነው፤ ስልክና ኢሜይል ይዛችሁ ኑና ተመዝገቡ» ተባልን። ኢሜይል! እኛ! መቼም ለሰው ሞት አነሰው ይባላል።

ይልማ ነበረልን። ፈላና በር ላይ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው። «አታስቡ፣ እኔ እሞላላችኋለሁ» አለን። ታዲያ ምዝገባው ቀን የሠራነውን ሥራ ስሙልኝ። አሥራ አንዳችንም የሰጠነው የይልማን ስልክ ነው። አሁን ስነግራችሁ ጅልነት ይመስላል፤ ያኔ ግን ብልህነት ነበር። አብዱላሂ እንዲህ አስረዳን፦ የራሴን ብሰጥ ኮዱ ሲመጣልኝ እኔ ምን ላደርገው ነው? ለይልማ ደውዬ ነው የምነግረው፤ እንግዲያው ቀጥታ ለእሱ ይሂድ። ሁላችንም «እውነትህን ነው» አልን። መዝጋቢዋ አንድ ቁጥር ሲደጋገምባት ቀና ብላ አንድ ቤት ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። አብዱላሂ «ወላሂ፣ አንድ ቤት ነን» አላት። አልዋሸም።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሐምሌ ሲመጣ ይልማ ጋ ሄደን እንቀመጣለን፣ እሱ ይጫናል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ቁጥሩን ያስገባል፣ አለቀ። ስለ ሲስተሙ የምናውቀው የይልማን ጀርባ ብቻ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ይልማ ሞተ። ስኳር ነበረበት። ጠዋት የሱቁን በር ሊከፍት ጎንበስ እንዳለ ቀረ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላሉ። እኛ በቀብሩ ቀን ብልህም ሞኝም አብረን አለቀስን። ምን እንደተናደብን ያወቅነው ሐምሌ ላይ ነው።

የይልማ ባለቤት ስንዱ የምስጢር ቃላችን የተጻፈበትን ደብተሩን ሰጠችኝና ሌላ ኮምፒውተር ቤት ሄድን። ስም ገባ፣ የምስጢር ቃሉ ገባ፣ ደስ አለን። ከዚያ መስኮቱ ላይ «ወደ ተመዘገበው ስልክዎ የተላከውን ኮድ ያስገቡ» የሚል ወጣ። የተመዘገበው ስልክ የይልማ ነው፤ ብንደውልለት ዝግ ነው። አብዱላሂ «አቦ እንደገና ላክ በለው!» አለ። ሰባት ጊዜ ላክን። ስንጎተጉተው ይልማ ከመቃብር ተነስቶ ያነሳልን ይመስል።

እርዳታ መስጫ ተብሎ የተሰጠን ቁጥር ላይ ደወልኩ። ሙዚቃ አስደመጡኝ። ለአማርኛ ይህን ይጫኑ፣ ለዚህ ያን ይጫኑ አሉኝ፤ ጣቴ መኪና የለመደ ስለሆነ ተጫንኩ። በመጨረሻ አንዲት ትሁት ልጅ አነሳች። ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት። ነፍስ ይማር አለች። እግዜር ይስጥሽ አልኩ። ቀጥላም የስልኩ ባለቤት ራሳቸው ቢደውሉልን ይሻላል አለችኝ። እሷ በአፏ አፈረች፤ እኔ ደግሞ ለእሷ አፈርኩላት።

ቢሮ በአካል ሄድን። የተቀበለችን ሠራተኛ ቅን ሴት ናት፤ እንዲህ የምላት ለይምሰል አይደለም። ከእኛ እኩል ተጨነቀች። ግብር ከፋይ ሲሞት የሚሞላ ቅጽ አለ አለችኝ፤ ቀጥላ «እርስዎ ግን አልሞቱም» አለች። ይቅርታ ልጠይቃት ምንም አልቀረኝ። ስልክ መቀየርስ አይቻልም ወይ አልናት። ይቻላል፤ ለመቀየር ግን ኮድ ይላካል፤ ኮዱም የሚላከው ወደ ድሮው ስልክ ነው። በደብዳቤ ለበላይ ይጻፍላችኋል፣ መልሱ ግን ለሐምሌ ሠላሳ አይደርስም አለች። የሟቹን ሲም ካርድ እናውጣ ብንል የወራሽነት ወረቀት ከፍርድ ቤት አምጡ ተባልን፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ለእረፍት እየተሰናዳ ነው። ሐምሌ ሃያ አራት ሆነ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አብዱላሂ እንኳ ቀልድ አቆመ፤ አብዱላሂ ቀልድ ሲያቆም ነገር አልቋል ማለት ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አቦከር ሰፈር፣ ስንዱ ቤት ሄድኩ። ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ «ስልኩ የት አለ?» ማለት እንዴት ያለ ውርደት መሰላችሁ! ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ ሽንኩርት አወራሁ፣ በመጨረሻ ተናገርኩት። እሷም ደነገጠች። እኔ እኮ እናንተ የወሰዳችሁት መስሎኝ ነው አለች። ለዐርባው ልብሱን ለነዳያን ስትሰጥ ሁሉንም ፈትሻለች። ቡናማ ኮቱን እንኳ ሦስቱንም ኪስ ገልብጣ አይታለች።

«ሦስት?» አልኩ።

ሁለቱ የጎን፣ አንዱ የደረት አለችኝ።

እኔ የሰፋሁት አራት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ልብስ ሰፊ ማለት ግማሽ የነፍስ አባት ነው። የስንቱን የምስጢር ኪስ ሰፍቻለሁ! አንዱ ሚስቴ እንዳታገኘው ብሎ ከሱሪው ወገብ ውስጥ ኪስ አሰፋኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሚስቱ ቀሚሷን ይዛ መጥታ ባሌ እንዳያገኘው አለችኝ። ለሁለቱም ሰፋሁ፤ ለሁለቱም ዝም አልኩ። የራሴን አትጠይቁኝ። ይልማም ያን ኮት ሲለካ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንዲት ኪስ ከብብቱ ሥር፣ ከገበሩ ውስጥ ጨምርልኝ፣ ስንዱ የማታገኛት አለኝ። ለምንህ ብለው ገበያ ውስጥ ሌባ በዝቷል አለ። ሌባውና ስንዱ ምን አገናኛቸው? አልጠየቅኩም። ሥራዬ መስፋት ነው ብዬ ሰፋሁ።

ለስንዱ ይህን አልነገርኳትም። ምናልባት ገበሩ ተተርትሮ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሆናል ብያት ኮቱን ፍለጋ ወጣሁ።

የገዛ እጄን ሥራ ከሩቅ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ካፊያው ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ የኔ ቢጤ ለብሰውታል። የይልማ ግራ ትከሻ ዘንበል ያለ ስለነበር ኮቱን በእሱ ልክ ቆርጬው ነበር፤ እሳቸው ላይ ሲታይ ሰውየው ይልማን የተሸከሙ ይመስላሉ። ሰላም ብዬ ኮቱን ሳየው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። የሰጡኝን ሊነጥቁኝ ነው ወይ አሉ። አይደለም አባቴ፣ ውስጡ የቀረ ነገር አለ አልኳቸው። ፊታቸው ፈካ። «እኔማ ጎኔ ላይ የጠጠረውን ነገር ሕመም መስሎኝ ንስሐ ገብቼበታለሁ» አሉኝ።

እጄን ከብብታቸው ሥር ከተትኩ። ስልኩ አለ። ያቺ የድሮ ቁልፍ ስልክ። ስትወጣ ግን ብቻዋን አልወጣችም። ሐልዋ፣ ያ የሐረር ጣፋጭ፣ ተጣብቆባታል፤ በብጣሽ ጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ግማሹ የተነከሰ ሐልዋ። ከሥሩም የከረሜላ ወረቀት። ስኳሩ ሲወርድበት እንዲቀምስ ሐኪም አዞት ይሆናል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ሐኪም የሚያዘው አንድ ነው። እኔ የቆጠርኩት አሥራ ሰባት ወረቀት ነው።

ካፊያው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ሰውየው ስልክ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ መሰላቸውና መረቁኝ። እኔ ግን የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ያን ኪስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ደግሞ እንዴት አድርጌ! ድርብ ስፌት፣ እንዳይተረተር። ወረቀቶቹን ወደ ገዛ ኪሴ ከተትኩና ሄድኩ።

በማግሥቱ ስንዱ የይልማን ሱቅ ከፈተች። ጡረታ ሳትወጣ ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ጣቷ አልረሳም። አሥራ አንዳችን አግዳሚው ላይ ተደረደርን። ስልኩ ቻርጅ ሲጠጣ ቆየና ነቃ፤ ሰሞኑን የላክናቸው ኮዶች በአንድ ጊዜ እንደ በረዶ ወረዱበት። ሁሉም ጊዜያቸው አልፏል፤ ኮድ ዕድሜው አምስት ደቂቃ ነው። እንደገና ጠየቅን፤ ስልኩ ጮኸ። አብዱላሂ ሊያነብ እጁን ቢዘረጋ ስንዱ ከለከለችው። ለማንም አልሰጠችም። የእያንዳንዳችንን ኮድ ራሷ እያነበበች፣ ራሷ እያስገባች ጨረሰች። አብዱላሂ ቁጥሩ በተነበበ ቁጥር ቀስ ብሎ «አላህ ይርሐመው» ይል ነበር።

የእኔ ተራ ሲደርስ ስንዱ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ጠርጋ ጠርጋ ምንድን ነው የሚያጣብቀው አለችኝ።

«ዝናብ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ዝናብ አያጣብቅም፣ ጋሽ ጥላሁን» አለችና ወደ ቁጥሩ ተመለሰች። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በሩን ስትቆልፍ ከረሜላውን አውቅ ነበር፣ አፉ ይሸተኝ ነበር፣ ኪሱን ነው ያላወቅኩት አለችኝ። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር። እስከ ዛሬም አላልኳትም።

በሐምሌ ሃያ ዘጠኝ የአሥራ አንዳችንም ክሊራንስ ወጣ። አሁን ስልኩ በእጃችን እያለ የተመዘገበውን ቁጥር መቀየር አለብን። ከመሄዳችን በፊት አግዳሚው ላይ ቆሜ ንግግር አደረግሁ። የተማርነው ትምህርት ይበቃናል፣ ከእንግዲህ እያንዳንዱ የየራሱን ስልክ ይሰጣል አልኩ። ተጨበጨበ። አብዱላሂ «ወላሂ፣ ይህ ነው ንግግር!» አለ።

ቢሮ ሄድን። ያቺ ቅን ሠራተኛ አብዱላሂን አዲሱ ቁጥር ስንት ነው ብላ ጠየቀችው። በቃሉ ጠራላት። ቁጥሩ የእኔ ነው! ዞር ብዬ ሳየው «አቦ አትቆጣ፣ የእኔን ልጆቹ ይጫወቱበታል» አለኝ። የሚቀጥለው ሲም ካርድ ስለሚቀያይር፣ ከዚያ ያለው ማንበብ ስለሚያስቸግረው፣ ከዚያ ያለው ደግሞ እነሱ የእኔን ስለሰጡ። አሥራ አንዳችንም በእኔ ስልክ ተመዘገብን። ሠራተኛዋ አንድ ቤት ናችሁ ወይ አለች። እኔ ነኝ የመለስኩት፤ ምን እላለሁ፣ አዎ አልኳት።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እያሉ አሳድገውናል። እውነት ነው። መድኃኒት ግን የሚያበቃበት ቀን እንዳለው የነገረን የለም። መንደሩ ሁሉ የእኔን ቀን የሚቆጥረው፣ ከአምፖል የሚያወርደኝ፣ ኪኒን የሚያስውጠኝ ለዚህ ነው።

ትናንት ደግሞ ተሰብስበው ለእኔ ሳይሆን ለብርቄ ነግረዋታል። እግዜር ያርቀው፣ ክፉ አያሰማሽ፣ ግን እንደው የሆነ እንደሆነ ኮቱን ለነዳያን ከመስጠትሽ በፊት ብለዋታል። ማታ እራት ሳንበላ ኮቴን ከሚስማሩ አውርዳ ገበሩን ስትዳብስ አገኘኋት።

«ጥላሁን፣ ይህ ኮት ስንት ኪስ ነው ያለው?» አለችኝ።

«ሦስት» አልኳት።