ሞተሩ ዝቅ ይበልልኝ

[እሑድ ጠዋት፣ የግቢ በር ሥር። አንድ ትልቅ፣ ተንጋለው የሚነዱት ዓይነት ክሩዘር ሞተር በመቆሚያው ቆሟል። ላዩ ላይ ባለቤቱ ተቀምጧል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ ምላጭ ይለዋል። የጫማው ጫፍ ብቻ መሬት ይነካል። ከሥሩ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ሜትር ይዞ ተንበርክኳል። ሥራው ሰዓት መጠገን ነው፤ ኢንጂነር ካልተባለ ግን ዞር ብሎም አያይ።]

ኢንጂነር: አንተ አጭር አይደለህም አልኩህ እኮ!

ምላጭ: ታዲያ ምንድን ነኝ?

ኢንጂነር: ሞተሩ ነው ረጅም።

ምላጭ: ሱሪ በገዛሁ ቁጥር የማሳጥረውስ?

ኢንጂነር: ሱሪው ነው ረጅም።

ምላጭ: ተመስገን! ስንት ዓመት በከንቱ ሳዝን ኖሬያለሁ።

ኢንጂነር: አትነቃነቅ፣ ልለካ። ተረከዝህ ከመሬት አራት ጣት ይርቃል።

ምላጭ: እኔ ፀጉር ቤት ፔዳሏን እረግጣለሁ፣ ደንበኛው ከነወንበሩ ቁልቁል ይወርዳል። የዚህኛው ፔዳል ይቺ ናት?

ኢንጂነር: እሱ ፍሬን ነው! ደግሞ ሊረግጠው ነው እንዴ!

ምላጭ: በል ቶሎ በል በናትህ። እህትህ እየለበሰች ነው። ዛሬም እናታችሁ ቤት በታክሲ ከሄደች ሦስተኛ እሑዷ ነው።

ኢንጂነር: ለመሆኑ ምን ነበር ያለችህ?

ምላጭ: “እናቴ ቤት በር ላይ በተደጋጋሚ ወድቀሃል። ሁለቱም እግርህ መሬት እስኪረግጥ ከኋላህ አልቀመጥም” አለች። እናታችሁ ደግሞ “ጠጥቶ ነው የሚመጣው” ብላለች።

ኢንጂነር: ትጠጣለህ እንዴ?

ምላጭ: ኧረ መንገድ ላይ መቆም ፈርቼ ውሃ እንኳ አልጠጣም! እሷ በታክሲ ትሄዳለች፣ እኔ ታክሲውን ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ሰው ዕዳ የተካካድን ይመስለዋል። ደግሞ እኔ ስወድቅ እኮ ሁልጊዜ…

ኢንጂነር: ዝም በል! በሽተኛ ለሐኪም መድኃኒት አያዝለትም። ውረድ።

[ኢንጂነር ሞተሩን ከኋላ ተሸክመው የሚያነጥሩትን ሁለት ሞላዎች ፈቶ በአጫጭር ይተካቸዋል። ላብ በላብ ሆኗል።]

ኢንጂነር: በል ውጣ። እህስ?

ምላጭ: ነካ! ኢንጂነር፣ ተረከዜ ነካ! መሬት እንዲህ ደስ ይላል ለካ!

ኢንጂነር: ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረህ ና።

[ምላጭ ይሄዳል። ከመንገዱ ጉብታ በኩል “ኧኽ!” የሚል ድምፅ ይሰማል። ወገቡን ይዞ ይመለሳል።]

ኢንጂነር: እንዴት ነው?

ምላጭ: ከአከርካሪዬ አጥንቶች አንድም አልጎደለም። ግን ቦታው ላይ ያለ የለም።

ኢንጂነር: የሚጠበቅ ነው። ሞላ ሲያጥር ይደርቃል። መድኃኒቱ ስፖንጅ ነው።

ምላጭ: የሚጠበቅ ከነበረ ምነው ብትነግረኝ?

ኢንጂነር: ቀድሜ ብነግርህ ትፈራ ነበር።

[ከቤት የአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ አምጥቶ መቀመጫው ላይ ያስራል። ምላጭ ይወጣበታል።]

ምላጭ: ወይኔ! እንቅልፌ መጣ። እንዲህ ያለ ምቾት አይቼም አላውቅ!

ኢንጂነር: አየህ? ዕውቀት ማለት ይሄ ነው።

ምላጭ: ግን ኢንጂነር… መሬቱ ወዴት ሄደ?

[ኢንጂነር ተንበርክኮ ይለካል። ሜትሩን ገልብጦ እንደገና ይለካል።]

ኢንጂነር: አራት ጣት።

ምላጭ: ጠዋት ስንት ነበር?

ኢንጂነር: አራት… ጣት።

ምላጭ: እና ምን ተለወጠ?

ኢንጂነር: የጠዋቱ አራት ጣት ዝም ብሎ አራት ጣት ነው። ይሄኛው ተጠንቶበታል።

ምላጭ: የስፖንጁን ላዩን ትቼ ጎንና ጎኑን በመቀስ ብቀንሰውስ? እግሬ ወደ ውስጥ ይገባል።

ኢንጂነር: ሞተር ነው እንጂ ጎረምሳ መሰለህ፣ ጎን ጎኑን የምታነሳለት?

ምላጭ: እሺ፣ አትቆጣ። እኔ ለማለት የፈለግኩት፣ ስወድቅ እኮ…

ኢንጂነር: ዝም በል አልኩህ! እያሰብኩ ነው።

[ያስባል። ራሱን ያካል። በመጨረሻ ስፖንጁን ፈትቶ ይወረውራል፤ የድሮዎቹን ሞላዎች እየተነጫነጨ ይመልሳል።]

ኢንጂነር: ሳይንሱ እስከዚህ ነው። ወይ እግርህ ይደላዋል፣ ወይ ወገብህ። ሁለቱንም ያገኘ የለም። ምረጥ።

ምላጭ: እኔ ምን አማረኝ መሰለህ? እህትህ ከኋላዬ ጃኬቴን ጨምድዳ ይዛ “ቅደመው! ኧረ ይሄን ሰውዬ ቅደመው!” እያለች ስትጮህብኝ። ብቻዬን ስነዳ ሁሉም ሰው ይቀድመኛል። የሚጮህብኝ የለማ! ናፍቃኛለች፣ ምን ልደብቅህ።

[ሚስት ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች።]

ሚስት: ጋሼ! ምንድን ነው እንዲህ ግሪስ በግሪስ የሆንከው?

ኢንጂነር: ባልሽን እየጠገንኩ ነው።

ምላጭ: የኔ እመቤት፣ አንዴ ብቻ ተቀመጪ። የትም አንሄድም፣ ሞተሩንም አላስነሳም። እንዲያው ከኋላዬ መኖርሽን ልስማው።

ሚስት: [ሳቋ እያመለጣት] አይ አንተ! በል እሺ፣ ያዘው።

[ትቀመጣለች። ሞተሩ ከኋላ በቀስታ ዝቅ ይላል።]

ምላጭ: ኢንጂነር።

ኢንጂነር: ምን ፈለግክ?

ምላጭ: ረግጫለሁ። ሁለቱንም። ከነተረከዜ።

ኢንጂነር: [ዘሎ እየለካ] ዜሮ ጣት! አዎ… እንዴታ! ክብደት ሲጨመር ሞላ ይወርዳል! ይሄንን ነበር ስጠብቅ የቆየሁት!

ሚስት: እኔ ተቀምጬ እግሩ የሚደርስ ከሆነ፣ እናቴ ቤት በር ላይ ምን ይጥለዋል?

ምላጭ: አንቺ ስትወርጂ ነዋ! ገና ከመቆማችን ዘለሽ ትወርጃለሽ፣ ሞተሩ ሽቅብ ይነሳል፣ እኔ መሬት አጣለሁ።

ኢንጂነር: አንተ ሰውዬ! ይሄን ምነው ከጠዋት ብትነግረኝ?

ምላጭ: “ስወድቅ እኮ” ባልኩ ቁጥር “ዝም በል” አልከኝ። ዝም አልኩ።

ኢንጂነር: [ወደ እህቱ ዞሮ] አንቺስ ብትሆኚ! ሰው መቆሚያው ሳይወርድ ከሞተር ላይ ይዘላል? የትኛው ደንቆሮ ነው ይሄን ያስተማረሽ?

[ሚስት ጣቷን ወደ ወንድሟ ትቀስራለች።]

ሚስት: አንተ ነህ፣ ጋሼ።

ኢንጂነር: እኔ?

ሚስት: ሞተሩን የገዛ ሰሞን። “ልክ ስትደርሱ ቶሎ ዝለይ፣ ሸክም ቀንሺለት” አልከኝ። እኔ ባሌን የረዳሁ መስሎኝ እዘላለሁ፣ ዞር ስል መሬት ላይ ተዘርግቷል።

ኢንጂነር: እኔ እኮ… ለሞላው አዝኜ ነው።

ምላጭ: ግድ የለም። ዛሬ ስንደርስ መቆሚያውን አውርጄ እኔ ልቅደም፣ አንቺ ከዚያ ትወርጃለሽ። በቃ። እንሂድ?

ሚስት: እንሂድ! ታክሲ ሰልችቶኛል።

[ምላጭ ፊቱ በርቶ ሞተሩን ያስነሳል፤ መቆሚያውን ያነሳል። ከዚያ ትንሽ ያስብና ዞር ይላል።]

ምላጭ: ኢንጂነር፣ ሌላ ያስተማርካት ነገር ካለ ሳንሄድ ንገረኝ።

ኢንጂነር: [ሜትሩን እየጠቀለለ] ምንም። ብቻ… ትንሽ ነገር ናት። ኩርባ ላይ አንተ ወደ ግራ ስታዘነብል፣ ለሚዛኑ እሷ በኃይል ወደ ቀኝ እንድታዘነብል ነግሬያታለሁ።

ሚስት: አዎ! አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም።

ምላጭ: ወይ ጉድ! እኔ መሪው የተጣመመ መስሎኝ ሁለቴ አስቀይሬዋለሁ! ውረጂ! አሁኑኑ ውረጂ!

[ሚስት ልትዘል ብድግ ትላለች። ሞተሩ ሽቅብ ይነሳል። የምላጭ ተረከዞች ከመሬት ይለቃሉ።]

ምላጭ: ኧረ አትውረጂ! አትውረጂ! እኔ ልቅደም!