ሮጬ ነው የከሳሁት

እኔ የምለው፣ በዚህ ከተማ ሰው በሰላም መክሳት አይችልም እንዴ? ስትወፍር «ተመችቶሃል» ይሉሃል፤ ቦርጭህን መታ መታ ያደርጉልሃል። አንዴ ሱሪህ ከወገብህ ሰፋ ካለ ግን አለቀልህ፤ ጎረቤትህ ለለቅሶህ ነጠላ ማጠብ ይጀምራል። ይህን የምልህ ከመሬት ተነስቼ አይደለም፣ ደርሶብኝ ነው።

ሃያ ሁለት ጀርባ፣ እኛ ሰፈር፣ ሲስተር አስቴር የምትባል ነርስ ነበረች። ያን ስሙን ማንም ደፍሮ የማይጠራው በሽታ የያዛቸውን፣ ዘመድ በር የዘጋባቸውን ሰዎች ግቢዋ አስገብታ ታስታምማለች። መድኃኒቱ ገና አገራችን አልደረሰም። ታመመ ማለት አለቀ ማለት ነበር። አልጋ ስላጠራት አንዱን ለማስገባት ሌላው እስኪሞት መጠበቅ ጀመረች። በዚህ መሃል አንድ የእርዳታ ድርጅት ማራቶን አዘጋጀሁ አለ። ሯጩ ከሚያውቃቸው ሰዎች ገንዘብ ይሰበስባል፣ ገንዘቡም ለሲስተር አስቴር ቤት አልጋ ይገዛበታል። ትሮጥልኛለህ ወይ ስትለኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። እኔ ማለት ያኔ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ክፍል የምሠራ፣ የጫማዬን ክር ሚስቴ አልማዝ የምታስርልኝ ሰው ነኝ!

ልምምዱን ተወው። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ወደ ቦሌ ቡልቡላ እሮጣለሁ። ያኔ ቡልቡላ እርሻ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በየጠዋቱ ቆመው ያዩኛል። አንድ ቀን አላስችል አላቸውና ምን እንደጠፋብኝ ጠየቁኝ። ምንም አልጠፋብኝም አልኳቸው። ከብት እንኳ? ከብትም። እንግዲያው ሄደህ ተኛ አሉኝ። እውነት ለመናገር፣ በዚያ ሁሉ ወር ከሰው አፍ የሰማሁት ትክክለኛ ምክር እሱ ብቻ ነው።

ገንዘቡስ? የኛ ክፍል ሰው ምሳውን ከየቤቱ ያመጣል፤ ሁሉም አንድ ትሪ ላይ ይገለብጥና አብረን እንበላለን። እዚያው ትሪ ላይ ነገሩን አነሳሁት። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ቢሆን እንሰጥ ነበር አሉ። ከሁሉም የባሱት የሰርቪሳችን ሹፌር ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ሰውን በጉርሻ የሚያንቁ፣ ድምፃቸው ከሰርቪሱ ክላክስ የሚበልጥ ግዙፍ ሰው ነበሩ። «ለእነሱ ነው የምትሮጠው? ራሳቸው ፈልገው ላመጡት?» ብለው ጮኹብኝ። አንዲት ሳንቲም አላገኘሁም።

ከዚያ መክሳት ጀመርኩ። ይኸውልህ፣ ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ባስፈለገው ቁጥር የሰው እጅ እየተፈታ ሄደ። ሳልጠይቃቸው ይሰጡኛል። ትከሻዬን ይዘው «እግዜር ይማርህ» ይሉኛል። ሩጫዬ ልባቸውን ነክቶት መስሎኝ ለአልማዝ እየፎከርኩ ነገርኳት። በኋላ ግን ነገር ከትሪው ዙሪያ ተጀመረ። አንዱ ጾም ላይ ነኝ አለ፣ ሌላው ጨጓራዬን አለ። ሻይ የምታፈላልን ልጅ የኔን ብርጭቆ ለብቻ አስቀመጠችው። ጋሽ ታፈሰ እንኳ ከትሪው ጠፉ፤ ምሳቸውን ሰርቪሱ ውስጥ ብቻቸውን መብላት ጀመሩ። ያኔ ገባኝ። ሰዎቹ የሚሰጡኝ ለሩጫው አልነበረም፤ ገና በቁሜ ሊቀብሩኝ ነው!

ሮጬ ነው የከሳሁት ብል ማን ይስማኝ? «አዎ፣ ሮጠህ ነው» ይሉኛል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። የአልማዝ እናት መጥተው ልጃቸውን ጓዳ አስገብተው ሲያንሾካሹኩ ዋሉ። አልማዝ እውነቱን ታውቃለች፤ ከሩጫ ስመለስ ውሃ የምታሞቅልኝ እሷ ናት። እሷም ግን አንድ ቀን ቆም ብላ አየችኝና «እርግጠኛ ነህ አይደል?» አለችኝ። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስሜን ላጥራ ካልኩ ደግሞ አልጋው ቀረ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ብቻዬን በላሁ፣ ብቻዬን ሮጥኩ።

ማራቶኑን ጨረስኩ። ጨረስኩ ስልህ፣ ስደርስ ሪባኑን ጠቅልለው ወንበር እየጫኑ ነበር። አልጋዎቹ ተገዙ። እኔም ሩጫ በቃኝ ብዬ መብላት ጀመርኩና ቦርጬ ሳይውል ሳያድር ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ መሥሪያ ቤቱ እንዳጭበረበርኩት ያየኝ ጀመር። አዝነውልኝ፣ አልቅሰውልኝ፣ እኔ ሳልሞት ቀረሁ! አንዳንዱ በግልጽ ነው የተቀየመኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ሰው ሁሉ ወርዶ እኔና ጋሽ ታፈሰ ቀረን። ሃያ ሁለት ሲደርሱ ሞተሩን አጠፉ። ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ በማላውቀው ትንሽ ድምፅ፣ የዳንክበት ጸበል የት ነው አሉኝ። ሳቄ መጣ። «ምን ጸበል አለ ጋሽ ታፈሰ፣ ሩጫ ነው እንጂ!» አልኩ። እሳቸው አልሳቁም። ሰሞኑን ከላያቸው የማያወልቁትን ጃኬት እጅጌ ሰብስበው ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሱት። የእጅ ሰዓታቸው ተንሸራቶ ክርናቸው ላይ ቆመ።

ያ ሁሉ ክንድ የት ሄደ? ከትሪው የሸሹት እኔን ፈርተው መስሎኝ ስንት ቀን ረግሜያቸዋለሁ። መጀመሪያውኑም አልታመምኩም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። «ሩጫ ብቻ?» አሉኝ፣ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቶ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሸራ ጫማ አድርገው ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቀስ እያልን፣ እያረፍን፣ በስንት መከራ እርሻው ጋ ደረስን። ሽማግሌው ገበሬ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። ዛሬስ ምን ጠፍቶባችሁ ነው አሉን። ጋሽ ታፈሰ እያለከለኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በዚያ በድሮው ትልቅ ድምፃቸው፣ «አግኝተነዋል አባባ! አግኝተነዋል!» አሏቸው።

ፊቴን እንዳያዩት ቀድሜያቸው ሮጥኩ።