የእትዬ አስካለ በርጩማ

ይህን ያህል ዓመት ተምሬ ያተረፍሁት ዕውቀት ቢኖር፣ እናቴ ስታደርገው ቁጥቁጥነት የምንለው ነገር ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ዲዛይን መባሉን ነው። የዘይት ጀሪካን እኛ ቤት ውሃ ይቀዳበታል፤ ሲሰነጠቅ አፉ ተቆርጦ ጤና አዳም ይተከልበታል፤ ጤና አዳሙ ሲደርቅ ዶሮዎቹ ይጠጡበታል። ለዚህ ሁሉ እናቴን ማርክ የሰጣት የለም።

እኔ ግን ማርክ ያስፈልገኝ ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ በርጩማ ናት፤ እግሮቿ ቴፒ አንድ ነጋዴ ከጣለው የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ መቀመጫዋ ከተቀደደ የባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ የተጠለፈ። ሽበታሙ መምህሬ አገላብጠው አዩዋትና «ትቆያለች?» አሉኝ። «ክረምቱን ሰው ይቀመጥባት። ካልቆየች አትመረቂም።»

ሚዛን ከተማ፣ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሙዝ ከሚሸጡት ከእትዬ አስካለ ቦታ ጎን፣ በማለዳ ሳይመጡ አስቀምጫት ሄድሁ። የእኔ መሆኗን ልነግራቸው አስቤ ነበር። ግን እናንተ አታውቁኝም፤ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሸዋ ቤንች ድረስ የተወሰድሁ ሰው ነኝ።

ክረምቱ አለፈ። በርጩማዋ መቆየት ብቻ ሳይሆን ባለቤትም አገኘች። በግምገማው ቀን እትዬ አስካለን ላስነሳቸው ሦስት ጊዜ ሄድሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሙዝ ገዝቼ ተመለስሁ።

መምህሬ ከባጃጅ ወርደው «የታለች?» ሲሉኝ ጫማዬን አየሁ። እትዬ አስካለ ግን ሽበት ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ኖር ጋሼ! ይቀመጡ እንጂ፤ ይቺ ልጅ ታቁምዎት እንዴ?»

«በእግዜር» ብለው ተደላደሉ፤ ሙዝም ላጡ። «በይ አሳዪኛ፣ ጊዜ የለኝም።»

«ተቀምጠውባታል» አልሁ። ከመሬት ይምጣ ከሰማይ እንጃ፣ ድምፄ ወጣ።

ጎንበስ ብለው አዩ። ተነሥተው ነቀነቋት። ተመልሰው ተቀመጡ። «አልፈሻል።»

ይህን ያህል የምትቆይ ሥራ መንገድ ላይ መቅረት የለባትም ተብሎ በርጩማዋ ወደ ትምህርት ክፍሉ ማሳያ ክፍል ተወሰደች። «መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈባት። እትዬ አስካለ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

ሰሞኑን እንደ ልማዴ በዚያ ሳልፍ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ያቺ በርጩማ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፤ ተመርቃለች።»

«ታዲያ ምን ትሠራለች?»

«ምንም። ቁጭ ብላ ነው የምትውለው።»

ከተመረቅሁ ጀምሮ ያለ ሥራ በየቀኑ በፊታቸው ወዲህና ወዲያ የምለውን እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«እንዳንቺው በይኛ» አሉና ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።