ዓርብ ዓርብ የሚጨፍረው ጦር

ሰው በሰው ሳቅ ይናደዳል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከመናደድም አልፎ አቤቱታ ይጽፋል እላችኋለሁ። ስድብ ያናድዳል፣ ግፍ ያናድዳል፣ በበረዶ ቀን ዓይን ዓይንህን እያየ ጥሎህ የሚሄድ የአውቶቡስ ሾፌር ያናድዳል፤ እነዚህ ግን ሁሉም መግቢያቸው የታወቀ ነው፣ በገቡበት ይወጣሉ። የሳቅ ንዴት ሌላ ነው። አንተ ጥርስህን ነክሰህ ተቀምጠህ ዙሪያህን የከበበህ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲንከተከት፣ ወይ እነሱ አብደዋል፣ ወይ አንተ አብደሃል። በድምፅ ብልጫ ይወሰን ቢባል ደግሞ ያበድከው አንተ ነህ። አበው «ጥርስ ባዳ ነው» ያሉት ለካ ወደው አይደለም። ዘመድ ሲሞትም ይስቃል።

እኔ ይህን ንዴት የተዋወቅሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው የፎቅ ጫካ ውስጥ፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ እንግሊዝኛ ስማር ነው። ጠዋት ሬክስዴል ሰፈር አንድ ፋብሪካ ካርቶን ሳሽግ እቆይና፣ አውቶቡስ ቀያይሬ፣ ከሰዓት በኋላ ክላስ እገባለሁ። ክላሱን ያየ ሰው፣ የዓለም ጦርነት ሁሉ አንድ አንድ ተወካይ የላከበት ጉባኤ ይመስለዋል። ከሶማሊያ አለ፣ ከቦስኒያ አለ፣ ከስሪላንካ አለ፣ ከቬትናም የመጣች ዝምተኛ ሴት አለች። ከእኛ አገር ሁለት ነበርን፤ እኔና እትዬ ዘነበች።

እትዬ ዘነበች ስልሳን የተሻገሩ፣ ሴት ልጃቸው አስመጥታቸው እኔ በምኖርበት ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ናቸው። ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ እርሳሳቸውን እንደ ጦር አሹለው፣ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከተማሩት እንግሊዝኛ ሁሉ የሚወዱት «አይ አም ፋይን ታንክ ዩ»ን ነበር። ስማቸውን ብትጠይቋቸውም ፋይን ናቸው።

አስተማሪያችን ዶሪን ትባላለች። ከንፈሯ ደማቅ ቀይ፣ ልቧ ደግ፣ ትዕግሥቷ የላም። ስም ማሳጠር ትወዳለችና እኔን ጌታሁንን «ጌት» አለችኝ። አባቴ ጌታ ሁን ብሎ የመረቀኝን በእንግሊዝኛ በር አደረገችኝ። ይሁን። ያናደደኝ እሱ አይደለም።

ዶሪን «ዘፈን የታሰረ ምላስ ይፈታል» የሚል እምነት ነበራት። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ጎማ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥንና ቪዲዮ እየገፋች ትመጣና ፊልም ታሳየናለች። ፊልሞቹ ሆሊውድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ሳለ፣ ሕዝቡ እንዳይከፋው ብሎ የሠራቸው የሙዚቃ ኮሜዲዎች ናቸው። አስቡት እንግዲህ! ያንን ሁሉ ከጦርነት ያመለጠ ሰው ሰብስባ፣ መብራት አጥፍታ፣ የሚጨፍር ወታደር ታሳየዋለች። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይሏችኋል ይህ ነው።

ርዕሳቸውን አላስታውስም፤ አንዱን ያየ ሁሉንም አየ። አንድ ወታደር አለ። ግራና ቀኙን አያውቅም፣ ሰልፍ ያበላሻል፤ እግሩ ግን ለዳንስ ወለል ሲነካ ከበሮ ነው። አለቃው ይጮኽበታል። የጄኔራሉ ልጅ ትወደዋለች፣ ከዚያ ትጠላዋለች፣ ከዚያ ደግሞ ዘፍና ትወደዋለች። ጦሩ ነገ ይዘምታል፤ ስለዚህ ዛሬ ትርኢት ይኖራል። ጭቃ የለም፣ ቅማል የለም፣ ጥም የለም። የሁሉም ዩኒፎርም ሲተኮስ ያደረ ነው። ተተኮሰ ስላችሁ በካውያ ነው፤ ጥይትማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም አልተተኮሰ።

በአንዱ ፊልም፣ ባቡር ጣቢያ ላይ አንድ ጥቁር ሰው ብቅ አለ። ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ፤ ዘመድ ነዋ! ሻንጣ ተሸክሟል። ጥርሱን አሳየ፣ ሁለት ዙር ጨፈረ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም እሱ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ሻንጣውን ባቡሩ ላይ ጭኖ ጠፋ። እስከ ማለቂያው ጠበቅሁት፣ አልተመለሰም። በዚያ ሁሉ ጦር መሃል የሞተ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ይመስለኛል። ጃፓናዊ ጠላት ተብሎ የቀረበው ደግሞ ዓይኑን በቀለም አጥብቦ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያገጠጠ ፈረንጅ ነው። ክላሱ ሳቀ። የቬትናሟ ሴት አንገቷን ደፍታ፣ ደብተሯ ላይ ቀድሞ የተጻፈውን ቀን እንደገና በላዩ ላይ ጻፈችበት።

ከሁሉም በላይ የሳቁት እትዬ ዘነበች ናቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ፣ ትከሻቸው ግን ይናገራል።

በሦስተኛው ዓርብ መብራቱ ሲበራ ዶሪን ጠመኔ አንሥታ «ምን ተሰማችሁ? በቅጽል መልሱ» አለች። ሁሉም ተራ በተራ «ሃፒ» አለ። «ጌት?» ስትለኝ «አንግሪ» አልኩ። ደስ አላት! አዲስ ቅጽል በማግኘቷ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችው። «ለምን?» ስትለኝ ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ እንግሊዝኛዬ ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር።

«ኢን ዋር ኖባዲ ዳንስ።»

«ዳንስስ» ብላ አረመችኝ፤ መጨረሻው ላይ «ስ» ይጨመርበታል። «ኖባዲ ዳንስስ። ቬሪ ጉድ፣ ጌት።»

እስቲ ፍረዱኝ። ደሜ ሲፈላ እሷ ሰዋስው ታስተካክልልኛለች!

ቅዳሜና እሑድን መዝገበ ቃላት ይዤ ዋልኩ። ከጦርነት ለመጣ ሰው ይህ ንቀት ነው፣ ጥቁርን ሻንጣ ተሸካሚ፣ የሩቅ ምሥራቅን ሰው መሣቂያ ያደርጋል ብዬ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሰኞ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርኩ። ቦስኒያው ፈረመ። የቬትናሟ ሴት በሚያምር እጅ ጽሕፈት ፈረመች። ሶማሌው ሳያነብ ፈረመ። እትዬ ዘነበች ዘንድ ስደርስ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና «ይሄ ምን ይላል?» አሉ። ነገርኳቸው።

«አልፈርምም።»

«ምነው፣ እትዬ?»

«አይ አም ፋይን ታንክ ዩ» ብለው እርሳሳቸውን መቅረጽ ቀጠሉ።

ያለ እሳቸውም ፊርማ አሸነፍን። ካናዳ ውስጥ «ኮምፕሌን አደረገ» የሚባል ነገር የቢሮ ሰው ሲሰማ እሳት የተነሣ ያህል ይደነግጣል። በሚቀጥለው ዓርብ ዶሪን ቴሌቪዥኑን እየገፋች መጣች፤ ወደ እኔ ሳታይ ቁልፉን ተጫነች። ፊልሙ የቤት ውስጥ ቆሻሻ እንዴት እንደሚለይ የሚያስተምር ነበር። ጋዜጣው ለብቻ፣ ቆርቆሮው ለብቻ። ማንም አልሳቀም። እኔም እጄን አጣጥፌ፣ ድል እንዳደረገ ሰው ደረቴን ነፍቼ ተመለከትኩ። መብራቱ ሲበራ ግን እትዬ ዘነበች የፊት ወንበራቸውን ትተው ወጥተዋል። በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጡም። በሚቀጥለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ብርቱካን ገዝቼ ሰባተኛ ፎቅ ወጣሁ። ልጃቸው ሥራ ሄዳለች። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ፤ ፊታቸው ግን እንደተዘጋ ነው።

«ታመው ነው እንዴ፣ እትዬ?»

«ደህና ነኝ። ቆሻሻ መለየት ከአገሬ ነው የማውቀው፣ ለዚያ ብዬ በበረዶ አልወጣም።» ብርቱካኑን ተቀብለው ወንበር አሳዩኝ። ገና ሳልደላደል መጡብኝ። «ለመሆኑ አንተ፣ በጦርነት አይጨፈርም ማለት የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው? ቀይ ከነቴራ አድርገህ በቴሌቪዥን ስትወራጭ ያየሁት ያንተ መንትያ ነው?»

ከወንበሩ ብድግ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«መቼ ዐወቁኝ?»

«ክላስ በገባህ ቀን። ያንን አረማመድ ማን ይረሳዋል?»

እሺ። እናንተም እየታዘባችሁኝ ነው፤ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። አገሬ ሳለሁ የክፍለ ጦር ኪነት ቡድን አባል ነበርኩ፤ አንዳንዴም ቴሌቪዥን ይቀርጸን ነበር። ድምፄ ደህና ስለነበር ከጠመንጃ ተረፍኩ፤ የተሰጠኝ ግን ከጠመንጃ የባሰ ሥራ ነው። ወደ ሰሜን የሚዘምቱ አዲስ ምልምሎች የሚሰበሰቡበት ሜዳ እንሄዳለን። የጭነት መኪና ጀርባው ይከፈትና መድረክ ይሆናል። ዘፈን እንዘፍናለን፣ እስክስታ እንመታለን፤ ከዚያ የኔ ተራ ይደርሳል። እኔ ግራና ቀኙን የማያውቅ ምልምል ነኝ። «ግራ ዙር!» ስባል ቀኝ እዞራለሁ፣ ከባልደረባዬ ጋር በግንባር እጋጫለሁ፣ ቁምጣዬ ይወልቃል። ሆሊውድ ከእኔ አልሰረቀም፣ እኔም ከሆሊውድ አልሰረቅሁም፤ ልጅ ወደ እሳት የሚነዳ አለቃ የትም አገር ይህችን ቀልድ ያውቃታል። ጢም ያላበቀሉ ልጆች አፈር ላይ ቁጭ ብለው፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እየወደቀ ይስቃል። ለኛ በግ ይታረዳል። ከሰዓት በኋላ መኪናዎቹ ልጆቹን ጭነው ይሄዳሉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ሜዳ እንመለሳለን። ሌሎች ልጆች ናቸው። ቀልዱ ያው ነው። ሳቃቸውም ያው፣ ያችው ቦታ ላይ፣ ቁምጣዬ ስትወልቅ።

እንግዲህ ፍሌሚንግደን ፓርክ ምድር ቤት ውስጥ ያናደደኝ ማን እንደነበር አሁን ገባችሁ።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ተነሥተው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ አልከፈቱትም፣ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«የሙሉጌታ የመጨረሻ ደብዳቤ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄ። አንድ ገጽ ናት። ራበኝ አይልባት፣ ፈራሁ አይልባት። ኪነቶች መጥተው ነበር፣ ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን ይላል። እናንተ ሁኑ ሌሎች ይሁኑ እኔ አላውቅም፤ አልጠይቅህም።»

እኔም ሜዳው የት እንደነበር ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ፣ መልሱን ፈርቼ ዘጋሁት።

«እትዬ፣ ውሸት እኮ ነበር» አልኩ። «እያሳቅን ነው የሸኘናቸው።»

«ውሸት መሆኑ ይጠፋኛል?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «እኔ ሞኝ መሰልኩህ? የላኳቸውን እግዜር ይፋረዳቸው። አንተንም ቢፋረድህ አልማልድልህም! ነገር ግን ልጄ የሳቀባት ቀን የኔ ናት። ከሱ የቀረችኝ እሷ ናት። ያንን የፈረንጅ ጭፈራ ሳይ ያቺን ቀን አያታለሁ። አንተ ደግሞ ፊርማ ለቅመህ አሰረዝክብኝ።»

አንገቴን ደፍቼ ብርቱካኑን አየሁ። ቁጣቸው ሳይበርድ ጠየቁኝ።

«እውነቱን ንገረኝ። ከልባቸው ነበር የሚስቁት? ወይስ አለቃ ፈርተው?»

ከመድረክ ላይ የታየኝን ሁሉ አሰብኩ። አለቃ ፈርቶ የሚስቅ ሰው ዓይኑ አይስቅም፤ ያንን አሳምሬ ዐውቃለሁ።

«ከልባቸው ነበር፣ እትዬ። እንባቸው እስኪወርድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብዳቤውን ወደ ቦታው መለሱ።

ሰኞ ቢሮ ሄጄ አቤቱታዬን ላነሣ ጠየቅሁ። አንዴ የገባ ኮምፕሌን ፋይል ሆኗል፣ አይወጣም አሉኝ። አገሩን ታውቁት የለ፤ ለመክሰስ አንድ ወረቀት፣ ለመታረቅ ኮሚቴ። ተናድጄ ስወጣ ዶሪን ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። እንደምንም ብዬ የእትዬ ዘነበችን ነገር አስረዳኋት። ኃላፊ ጊዜ ገና አልተማርንም ነበርና የሞተውን ልጅ ሁሉ በአሁን ጊዜ ነው የነገርኳት፤ ይስቃል፣ ይሄዳል፣ ይሞታል። ያን ቀን አላረመችኝም። ቦርሳዋን ከፍታ የሚጨፍሩትን ወታደሮች የቪዲዮ ካሴት ሰጠችኝ። «ይሄ የግሌ ነው፤ ቤታችሁ ብታዩት ማንንም አያገባውም» አለች።

ዓርብ ከክላስ በኋላ ሰባተኛ ፎቅ ሶፋ ላይ ተቀመጥን፣ እኔና እትዬ ዘነበች። ፊልሙ ተጀመረ። እኔ አፌን መያዝ አልቻልኩም፤ ዩኒፎርሙን ሰደብኩ፣ ጄኔራሉን ሰደብኩ፣ ባለጥርሱን ጠላት ሰደብኩ። ሻንጣ ተሸካሚው ጨፍሮ ሲሄድ እትዬ ዘነበች ራሳቸው ተቆጡ፤ «ጨዋታ የሚያውቀው አንድ ሰው እሱ ነበር፣ ምነው ባቆዩት!» አሉ። አይዞኝ፣ ወደ እኔ ወገን መጡ ብዬ ንግግሬን አስረዘምኩ። ይህ ፊልም ዛሬ ለማን ይረባል፣ የሠሩት ሰዎች ቢጠየቁ ምን ይመልሳሉ፣ እኛስ ብንጠየቅ...

ትርኢቱ ሊጀመር መጋረጃው ተነቃነቀ። እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ጉልበቴን በጥፊ መቱኝ።

«ዝም በል እንጂ! ልጆቹ ሊገቡ ነው።»

ዝም አልኩ። ተናድጄ ነው ዝም ያልኩት።