ዕቃ ጠባቂዋ ቢ ሙዛ

ወደ ባሕር የሚወርድ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ዕቃ ጠባቂ አለው። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ የሚሽረውም የለም። ሌላው ልብሱን እየወረወረ ወደ ውሃ ሲሮጥ እሱ ጫማ ያጣምራል፣ መነጽር ይቀበላል፣ ስልክ ይቀበላል፣ አንዳንዴም የማያውቀውን ሰው ሕፃን ይቀበላል። እኛ ዛንዚባር ያለን ዘመዳሞች ደግሞ ከጠባቂዎች ሁሉ የላቀችው ደርሳናለች፤ ክብርት አክስቴ ቢ ሙዛ፣ የኮሮጆዎች ሁሉ የበላይ አዛዥ።

"ግቡ፣ ግቡ፤ እኔ አለሁላችሁ" ትላለች። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ጥበቃዋ የዋዛ አይደለም። አንድ ቁራ ቁርሳችንን ይዞ ቢበር እስከ መስጊዱ አጥር ድረስ አባራዋለች። አንድ ፈረንጅ ሰዓት ሊጠይቃት ጠጋ ቢል ኮሮጆዎቹን በሙሉ ሰብስባ ተቀመጠችባቸው። ስንስቅባት ኮስተር አለች። "ሰዓቱን ነግሬዋለሁ። ተቀምጦ መናገር ተከለከለ እንዴ?"

ከውሃ የወጣውን ሁሉ ግን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። "እንዴት ነው ዛሬ? ይሞቃል? ታች አሸዋው ለስላሳ ነው?" መልሱን የምታዳምጠው ከሩቅ አገር ስላለ ዘመዷ ወሬ እንደሚነገራት ሰው ነው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ የአባቷን ጀልባ እየዋኘች ትቀበል ነበር ይባላል። ከዚያ ከተማ ተዳረች፣ ልጆች መጡ፣ የልጆቹ ጫማ መጣ፣ የኛም ተጨመረ። ባሕሩ እዚያው ፊት ለፊቷ ቀረ።

አሁን የመጨረሻ ልጇ ወደ ዶዶማ ሊወስዳት ነው። "ጥሩ አገር ነው አሉ" አለችኝ ሻንጣዋን እያሰረች። "ባሕር ብቻ ነው የሌለው።" አንጀቴን በላችኝ። አንድ ቀን እንኳ ባሕሩ ውስጥ ሳትገባ ልትሄድ ነው ብዬ ለእህቴ ለረያ ነገርኳትና ለአንድ ቀን የናሆዳ ኮምቦን ጀልባ ተከራየን። ናሆዳ ካፒቴን ማለት ነው፤ ኮምቦ ማዕረጉን ከጀልባው ይበልጥ ይወደዋል።

የመጀመሪያው ዳርቻ ላይ ለምሳ የያዝነው የኮኮናት ሩዝ ድስት ላለመግባት ሰበብ ሆነ፤ ጉንዳን ይወረዋል አለች። ሁለተኛው ላይ ጉልበቷን አሻሸች። ኮምቦ አረፋውን እያሳየ፣ "ቢ ሙዛ፣ ባሕሩ እኮ አንቺን ሲጠብቅ ሸበተ" አላት።

"አንተስ ምን ጠብቀህ ነው የሸበትከው?" አለችው። ኮምቦ መልሕቁን ሳበ።

ያኔ እኔ በጆሮው አንድ ዘዴ አንሾካሾክኩለት። ቀጥሎ የሄድነው ባሕሩ ሲጎድል ብቅ ወደሚለው፣ ሲሞላ ወደሚሰወረው የአሸዋ ደለል ነበር። ኮምቦ ሁላችንንም አወረደና ዕቃውን እንደያዘ ጀልባውን ወደ ጥልቁ መለሰ።

"ኮምቦ፣ ዕቃው!"

"ከኔ ጋር ነው። ዓሣ ኮሮጆ አይሰርቅም።"

ቢ ሙዛ ባዶ አሸዋ ላይ ቆመች። የሚጠበቅ ነገር ፈልጋ ዞር ዞር አለችና እግራችንን አየች። "ጫማችሁን እንኳ አውልቁ፣ ልያዝላችሁ።"

"እንዳደረግነው ነው የምንገባው" አለች ረያ፤ ገባችም።

ከዚያ አክስቴ የራሷን ጫማ አወለቀች። "ይሄንንስ ማን ይጠብቃል?"

"እኔ።"

"አንተ? የገዛ ሱሪህን ማዕበል የወሰደብህ?" አለች፤ ቢሆንም ሰጠችኝ።

እስከ ጉልበቷ ገብታ ቆመች። ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ። ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ተኛችበት፤ ባሕሩ ላይ ማለቴ ነው። እጇን ይዛ ልታስተምራት የተዘጋጀችው ረያ አፏን ከፍታ ቀረች። አክስቴ ያለ ምንም ጩኸት፣ እጇን በረጅሙ እየዘረጋች ራቀች።

እኔም ጥበቃዬን ያዝኩ። ዓይኔ ግን ጫማው ላይ ሊያርፍ አልቻለም። ከሩቅ ጥቁር ነጥብ የመሰለችው አክስቴ ስትሰወር ትንፋሼ ይቆማል፣ ብቅ ስትል ይመለሳል። ያን ሁሉ ዓመት ኮሮጆ ስትጠብቅ የመሰለችን ሴት ምን ስታይ እንደኖረች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሷ ዶዶማ ከሄደች ማን እንዲህ ያየናል?

አሸዋው መጥበብ ጀመረ። ኮምቦ ጀልባውን አስጠግቶ፣ "እየሞላ ነው፣ ጥራት" አለኝ።

"እሺ" አልኩት፤ ግን አልጠራኋትም።

ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ነበር። ጫማዋን ወደ ደረቴ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ኮምቦ አየኝና ሞተሩን አጠፋ።